አባዬና የወልድያው ስስ መጋረጃ

አባቴን የገደላቸው ካንሰር ነው ይባላል። እኔ መጋረጃ ነው እላለሁ። አበባ የታተመበት፣ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፖፕሊን፤ መርሳ ገበያ ላይ ጨርቅ በምሸጥበት ዘመን ለትራስ ልብስ እንኳ ሲጠይቁኝ "ተዪው እህቴ፣ ይሄ እጥበት አይችልም" ብዬ ሌላ የማሳይበት ዓይነት። ይሄን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ። እኔ በዚህ ጉዳይ ስቄ አላውቅም፤ አርጅቼም ንዴቱ አልበረደልኝም። ሰሞኑን ደግሞ ጀማል ያንን ወሬውን እንደገና አነሳውና ጭራሽ ባሰብኝ።

ጀማል ግራና አጠገብ ማሽላ የሚያርስ፣ ጺሙ የነጣ፣ አንደበቱ የሚጥም ሰው ነው። ክፉ አይደለም። የሚያናድደኝም ይሄው ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ተጣልቼው እገላገል ነበር። አንድ ዘመዳችን ባወጣው ሰደቃ ላይ፣ ዱዓው አልቆ ሰው ወደ ጨዋታ ሲገባ፣ እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። "አባ ይመርን የመሰለ ወንድ ወላሂ ከዚያ ወዲህ አላየሁም! ወልድያ ላይ ሐኪሙ ያንን ጎማ በጉሮሯቸው ሊሰድ 'መርፌ ወግቼ ላስተኛዎት' ቢላቸው፣ 'እኔ ወንድ ነኝ፣ ዓይኔን ገልጬ ነው የምውጠው' አሉት። ዋጡትም! እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጬ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።" ወንዶቹ "ማሻአላህ" አሉ። ሴቶቹ እኔ የዋጥኩት ይመስል ወደ እኔ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ እንዲህ ያለ ነገር አላሉም። እኔ ከጀማል ይልቅ ቅርብ ነበርኩ፤ እግራቸውን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ግን ጀማል ባለበት ልናገረው አልችልም ነበር። ስንት ዘመን ሙሉ ይሄን ወሬ በየለቅሶውና በየሰርጉ እየሰማሁ ጥርሴን ነክሼ ተቀምጫለሁ።

"አብሽሪ መዲና" አለችኝ አጠገቤ የነበረች አሮጊት፣ "አንቺማ የእሳቸው ልጅ ነሽ። የእንቅልፍ መርፌ ምን ሊያደርግልሽ! በዓይንሽ እያየሽ ትውጪዋለሽ።" ይሄን ያለችኝ ሰኞ ወልድያ ላይ የኢንዶስኮፒ ቀጠሮ እንዳለኝ መርሳ በሙሉ ስለሚያውቅ ነው። መርሳ ውስጥ ሰው የሌላውን ጨጓራ ከራሱ ጨጓራ በላይ ያውቃል። ለወራት ምግብ ሲገባ ያቃጥለኛል፣ ሳይገባም ያቃጥለኛል። ሰው መክሳቱን በሚዛን ያውቃል፤ እኔ በስፌት ነው የማውቀው፤ በአንድ ክረምት ውስጥ ያንኑ ቀሚስ ደጋግሜ አጠበብኩት። አባዬንም እንዲሁ ነበር የጀመራቸው። የእህቴ ልጅ ሉባባ "አክስቴ፣ ዛሬ ነገ አትበይ" እያለች ስትነዘንዘኝ ከረመች። የፈራሁት ቱቦውን አልነበረም። ያንን ክፍል፣ ያንን አግዳሚ ወንበር፣ ያንን መጋረጃ ነው የፈራሁት። በዚያ ላይ አገሩ ሁሉ በዓይኔ እያየሁ እንድውጥ ፈርዶብኛል።

ሰኞ ጠዋት ምንም ሳልቀምስ ከሉባባ ጋር ሚኒባስ ያዝን። ሹፌሩ ሙዚቃውን ለቆታል፣ ረዳቱ በስልክ ይጨቃጨቃል። የሲሪንቃ እርሻ ምርምር ማዕከል አጥር በመስኮቱ በኩል ሽው ብሎ አለፈ፣ ወዲያው ወልድያ ገባን፤ ባጃጁ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ድሮ ግን ከመርሳ ወልድያ መሄድ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነበር። ሰው ከዋዜማው ልብሱን አጥቦ ያሰጣል፣ እግሩን ታጥቦ ጫማውን ይቀባል፤ ሎንቺናው እስኪሞላ ሻይ ቤት ገብቶ ይጠብቃል። ሻይ በስሙኒ ነበር፣ ብስኩት ከጨመሩ ሽልንግ። ሻይ ቤቱ ጠዋት ጠዋት ትዝታ ይከፍታል፣ ከሰዓት አምባሰል፤ ካሴቱን ሙቀት ሲመታው ዘፋኟ ድምጿ እየተጎተተ እንቅልፍ የመጣባት ትመስላለች፣ ባለቤቱም ካሴቱን አውጥቶ ክሩን በእስክሪቢቶ ያጠነጥናል። የእኔ ሱቅ ከሻይ ቤቱ ቀጥሎ ነበረች። ቴትሮን፣ አቡጀዲ፣ ካኪ፣ ለሙሽራ ጆርጅት፤ በረንዳው ላይ ልብስ ሰፊው መኪናውን ሲረግጥ ይውላል። የዒድ ሰሞን አረንጓዴ ሳቲን መደርደሪያ ላይ ሳይወጣ ያልቅ ነበር። ያኔ ሰው ጨርቅ ሲገዛ በጣቱ ያሸዋል፣ ያሸታል፣ ወደ ፀሐይ ወስዶ ብርሃን ያሳልፍ እንደሆን ያያል። ብርሃን የሚያሳልፍ ጨርቅ ምንም አይሸፍንም፤ ይሄን የማያውቅ የመርሳ ሴት አልነበረችም።

አሁን ሱቄ የነበረችበት ቦታ ሞባይል ይጠገንበታል። ያ ዘመን ሲነሳ ሰው "ደጉ ጊዜ" ይላል። እውነት ነው፣ ቴትሮኑ ቴትሮን ነበር፣ የመርሳ ብርቱካንም በቁና ተሰፍሮ የሚሸጥ፣ ሽታው ከመንገድ የሚጠራ ነበር። ግን ደጉ ጊዜ አባቴን በልቶብኛል፤ ስለዚህ ሲያሞግሱት አብሬ አላሞግስም።

አባዬ ብርቱካን አምራች ነበሩ። አገሩ የሚያውቃቸው ግን በብርቱካናቸው አልነበረም፣ በሽምግልናቸው ነው። በሀብሩ ወረዳችን ወንድም ከወንድም በድንበር ሲጣላ፣ ባል ሚስቱን ሲበድል፣ ከሁሉም በላይ ደም ሲፈስ፣ ሰው አባ ይመር ጋ ይመጣል። እሳቸው እያንዳንዱን ለብቻው ወደ ብርቱካኑ ጥግ ይወስዱታል። የሚነግራቸውን ይሰማሉ፣ ውዱዕ አድርገው ይመለሳሉ፣ የሰሙትን ለሚስታቸው እንኳ አይናገሩም። በዚህ ሁሉ ግን አንድ ችግር ነበረባቸው፤ ይሄን የምናውቀው የቤት ሰዎች ብቻ ነን። አባዬ በእንቅልፋቸው ይናገሩ ነበር። ማጉረምረም እንዳይመስላችሁ፤ ስም እየጠሩ፣ ነገር እየለዩ፣ ልክ ሸንጎ ላይ እንደተቀመጡ። ስለዚህ ትልቅ ጉዳይ በያዙበት ሰሞን አልጋቸውን ጥለው ከብርቱካኑ መሐል ባለችው የጥበቃ ጎጆ ብቻቸውን ነበር የሚያድሩት። እናቴ "ባሌን የአገር ሚስጥር ቀማኝ" እያለች ታማርር ነበር። ልክ ነበረች፣ ወላሂ ልክ ነበረች።

ከጉዳዮቹ ሁሉ የከበደው የጀማል ቤተሰብ ነበር። በመስኖ ውኃ ተራ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተጋጭተው የጀማል ታላቅ ወንድም ተገደለ። ተኩሱ በግርግር መሐል ስለነበር ጥይቱ ከማን እጅ እንደወጣ አልታወቀም። አባዬ ብዙ ደክመው አስታረቋቸው። የእርቁ ውል እንዲህ ነበር፦ ቤተሰቡ እንደ ቤተሰብ ካሣ ይከፍላል፣ የማን እጅ እንደሆነ ግን ማንም እስከ ዕለተ ሞቱ አይጠይቅም። ሁለቱም ወገን ማለበት፤ ያኔ ጎረምሳ የነበረው ጀማልም እጁን ዘርግቶ ማለ። የገደለው ሰው ግን ከእርቁ በፊት ብርቱካኑ ጥግ ላይ ለአባዬ ተናግሯል። ስለዚህ ያንን ስም ከገዳዩ ቤተሰብ ውጭ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም በእንቅልፉ የሚናገር ሰው።

ታመሙ። ያኔ ኢንዶስኮፒ የሚባል ነገር በእኛ አገር ብርቅ ነበር። አንድ ሐኪም መሣሪያውን ይዞ በወር አንድ ጊዜ ወልድያ እየመጣ በተከራየው ቤት ይሠራል ሲባል ሰማንና አባዬን ይዤ ሄድኩ። የለበሱት ዛሬም በዓይኔ ላይ ነው፤ አረንጓዴ ካሬ ያለበት ሽርጥ፣ ከእኔ ሱቅ ጨርቅ የተሰፋ ካኪ ኮት፣ ነጭ ኮፍያ። ቤቱ ሁለት ክፍል ቢሆንም በመሐሉ በር የለውም። በበሩ ቦታ ያ ፖፕሊን ተሰቅሏል። ከመጋረጃው ወዲህ አግዳሚ ወንበር ላይ ታማሚው ተደርድሮ ተራውን ይጠብቃል፣ ወዲያ ደግሞ አልጋውና መሣሪያው ነው። በየመሐሉ ውስጥ ያለው ሰው ሲያቅለሸልሸውና ሲያጓራ እንሰማለን፤ ወንበር ላይ ያለው ሁሉ ምራቁን ይውጣል። ከተቀመጡት መሐል ጀማል አለ። እናቱን ይዞ መጥቷል። አባዬ ጠጋ ብለው እናቱን ሳሙ፣ እሱንም "አደግክሳ፣ ማሻአላህ" አሉት። ከዚያ ተጠርተን ገባን።

ሐኪሙ ቸኩሎ ነበር። "ሁለት መንገድ አለ አባት" አላቸው። "አንደኛው ጉሮሮዎ ላይ ማደንዘዣ እረጫለሁ፣ ዓይንዎ እያየ ቱቦው ይገባል። ሁለተኛው መርፌ እወጋዎታለሁ፣ ይተኛሉ።"

አባዬ "መርፌው ምን ያደርጋል?" ሲሉ ጠየቁት።

"ያፈዛል። አንዳንዱ እንደ ሰከረ ሰው የሆዱን ሁሉ ይዘከዝካል፣ ሲነቃ ግን ምንም አያስታውስም" አለና ሳቀ። ከነርሷ ጋር ተያይተው ሳቁ።

አባዬ አልሳቁም። ዓይናቸው ወደ መጋረጃው ሄደ። በጨርቁ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ቅርጽ ይታያል፤ የማን ትከሻ እንደሆነ እንኳ ይለያል። "ያለ መርፌ ይሁን" አሉ። ያ ሐኪም "ለምን?" እንኳ አላላቸውም። ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም። ወደ ነርሷ ዞሮ "እነዚህ ሰዎች ከመርፌ ጋር ጠብ አላቸው" አለና ጉሮሯቸው ላይ ረጨ። እኔን "እግራቸውን ያዢ" አለኝ።

የሆነውን ሁሉ አልዘረዝርም። ሰውነታቸው አልጋው ላይ እንደ ቀስት ሲለጠጥ፣ እንባቸው ወደ ጆሯቸው ሲወርድ፣ እጃቸው ሳያስቡት ሄዶ ቱቦውን ሲይዝ አይቻለሁ። ሐኪሙ "አባት! አይታገሉኝ አልኩ እኮ!" ብሎ ጮኸ፤ ወንበር ላይ ያለው ሁሉ ሰማ። ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ታገሉት። በመጨረሻ ቱቦውን መዞ አወጣና "ጨጓራ ነው፣ ሌላ የለብዎትም" ብሎ ነጭ ሽሮፕና ክኒን አዘዘ። ምን ያህሉን አይቶ ነው? ሩቡን ይሁን ግማሹን፣ አላህ ይወቀው። ስንወጣ ጀማል ብድግ ብሎ "ጀግና ነዎት አባ ይመር" አላቸው። ወሬው የተወለደው እዚያች ደቂቃ ላይ ነው።

ስንመለስ ሎንቺናው ሲሪንቃ ላይ ውኃ ሊጨምር ቆመ። አባዬ ድምፃቸው ሻክሮ፣ ማንም እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። "መዲናዬ፣ ያ ልጅ እኮ ከመጋረጃው ወዲያ ነበር" አሉኝ።

"ማን?"

"ጀማል። ስተኛ እንደምናገር ታውቂያለሽ። ያቺ ስም ከአፌ ብታመልጥ እነዚያ ልጆች ነገ ይተላለቁ ነበር።"

ደሜ ፈላ። "ታዲያ አባዬ ለምን ወደ ውጭ ይውጡልኝ አላሉም? አንዲት ቃል!"

"በሽተኛ እናቱን ይዞ ተራ የሚጠብቅን ሰው ተነስተህ ውጣ ልበለው? ምን ይለኛል? ደግሞስ ለምን አስወጡኝ ብሎ አይጠረጥርም?" አሉ። ከዚያ እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ይሉኝታ! በዚህ አገር ስንቱን ይሉኝታ እንደቀበረው ማን ይቁጠረው። ሰው ሊሞት ተቃርቦ እንኳ ጎረቤቱን ከወንበር ማስነሳት ያፍራል።

ሽሮፑን ጠጡ፣ ክኒኑን ዋጡ፣ መክሳታቸው ግን አልቆመም። እኔ ኮታቸውን አጠበብኩ፣ ደግሞ አጠበብኩ። "እንደገና ይታዩ" ብላቸው "ያንን ዳግመኛ አልችለውም" አሉ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ወሰድናቸው። እዚያ ያየቻቸው ሐኪም "ካንሰሩ ጨጓራቸው መውጫው አካባቢ፣ ጥግ ላይ ነው ያለው። ቀደም ብሎ ተረጋግተው ቢታዩ ኖሮ..." አለችና ቃሏን ሳትጨርስ ተወችው። እኔ በልቤ ጨረስኩት። ብርቱካኑ ሲያብብ አረፉ፣ አላህ ይርሐማቸው። ቀብሩ ላይ ጀማል አምርሮ አለቀሰ፤ ቆይቶም ለተሰበሰበው ሰው የወልድያውን ጀግንነት ተረከ። ያንን ቀን አፉን በእጄ ልዘጋው ነበር። ግን ምን ብዬ? "አባቴ የፈሩት አንተን ነው" ብዬ ብነግረው "ለምን?" ይላል፤ ለምን ካለ ደግሞ የአባዬ ሥቃይ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ዝም አልኩ። ዝምታው ከእርሻና ከቤት ጋር የወረስኩት ውርስ ሆነ።

እንግዲህ ይሄንን ሁሉ ተሸክሜ ነው ሰኞ ዕለት ወልድያ ክሊኒኩ ውስጥ የገባሁት። ዶክተሯ ከሉባባ ብዙም አትበልጥም። ወንበር ስባ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች። "እማማ፣ ይሄን ምርመራ የምንሠራበት ሦስት መንገድ አለ" አለችኝ። "አንዱ ጉሮሮ ላይ መርጨት ብቻ ነው። ለትንፋሽ ስጋት የለውም፣ እንዳለቀ ተነስተው በራስዎ ይሄዳሉ፤ ግን ያቅለሸልሻል፣ ሰው ከታገለም በደንብ ማየት ያስቸግረኛል። ሁለተኛው በደም ሥር ትንሽ መድኃኒት ሰጥተን ማፍዘዝ ነው። 'ዋጡ' ስልዎት ይሰማሉ፣ ግን ግድ አይሰጥዎትም፣ በኋላም ብዙ አያስታውሱትም። ሰው ይዞዎት መሄድ አለበት፣ የዛሬን ቀንም ማረፍ ነው። ሦስተኛው ወተት የመሰለ መድኃኒት አለ፣ ጭልጥ አድርጎ ያስተኛል፤ እሱ ግን ትንፋሽን ሊያደክም ስለሚችል ሥራው እሱ ብቻ የሆነ ባለሙያ አጠገብዎ መቆም አለበት፣ ዛሬ ደግሞ የለም። ለእርስዎ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ።"

"የመጀመሪያው ይሁን" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ፤ የአባዬ ድምፅ ነበር።

ዶክተሯ አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም። "ምን ያስፈራዎታል?" አለችኝ።

ይቺን ጥያቄ። ይቺን ብቻ! እንባዬና ንዴቴ አብረው መጡ። ይቺ ልጅ ምን በድላኝ እንደምጮኽባት አላውቅም፣ ግን ጮኽኩባት። "ያኔ የት ነበራችሁ? አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ይሄን ቢጠይቃቸው ምን ነበረበት? ምን ያስከፍል ነበር?" እያልኩ አልጋውን ደበደብኩት። ሉባባ "አክስቴ፣ ኧረ በአላህ" እያለች ትይዘኛለች። ዶክተሯ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ "ከዚያ በር ወዲያ ማን አለ?" አልኳት። ተነስታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ባዶ ኮሪደር ነበር። ዘጋችውና ተመለሰች። በሩ የእንጨት ነው፣ ወፍራም፣ ምንም አያሳልፍም። በእጄ መታ መታ አድርጌ አየሁት፤ ሰው ይሳቅብኝ። "እሺ፣ አፍዝዢኝ" አልኩ።

ጉሮሮዬ ላይ ሲረጩት ያ መራራ ሽታ አፍንጫዬ ድረስ ወጣ። ያንን ሽታ ከአባዬ ኮት ላይ አውቀዋለሁ፤ ታግለው ሲተፉት የፈሰሰው ኮሌታቸው ላይ ሰንብቶ ነበር። ምላሴ የእኔ መሆኑን ተወ። ከዚያ መድኃኒቱ ክንዴ ውስጥ ገባ፣ ዶክተሯ ከሩቅ "ዋጡ እማማ፣ ጎበዝ" ስትል ሰማኋት፣ ሌላ ምንም አላውቅም።

ስነቃ ሉባባ እጄን ይዛለች፣ ሲስተሯ ዕቃ ትሰበስባለች። የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስለ ጨጓራዬ አልነበረም። "ምን ተናገርኩ?" አልኩ።

"ይሄን ነክሰው ምን ይናገራሉ እማማ?" አለች ሲስተሯ እየሳቀች። መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ጠንካራ ፕላስቲክ አሳየችኝ። "ጥርስ ቱቦውን እንዳይነክስ አፍ ውስጥ የምናደርገው ነው። ቱቦው በዚህ ቀዳዳ ነው የሚገባው። ይሄ ባፉ ያለ ሰው ትንሽ ያንኮራፋ እንደሆን እንጂ ቃል አይወጣውም።"

"ከወጣ በኋላስ?"

"አንዳንዱ ሲነቃ ይቀባጥራል። እርስዎም 'በሩን ዝጉት፣ በሩን ዝጉት' ሲሉ ነበር። ተዘግቷል ብንልዎ 'ዝጉት' አሉን። ሌላ ምንም አላሉም። ለዚያም ነው ሰው እስኪነቃ አንድ ዘመድ ብቻ አጠገቡ የምናደርገው።"

ያንን ፕላስቲክ ትኩር ብዬ አየሁት። ያኔም ነበር! መልኩ ይለይ እንጂ ያኔም ትሪው ላይ ነበር፣ ያ ሐኪም እየሳቀ በእጁ ይዞት ነበር። አንስቶ "አባት፣ ይሄን ነክሰው አይናገሩም፤ ሲነቁም ልጅዎ ብቻ ትሆናለች" ቢላቸው። ወይም "እናንተ፣ አንድ ጊዜ ደጅ ጠብቁ" ቢል። ቀልድ መርጦ አባቴን ገደላቸው። ሲስተሯን "ይሄን ስጪኝ" አልኳት። "ይጣላል እኮ" አለችኝ። "ታዲያ ስጪኝ" አልኳት። አጥባ፣ በመድኃኒት ዘፍዝፋ፣ በላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

የእኔ ቁስለት ነው። ዶክተሯ ናሙና ወስዳ አስመረመረችው፣ ክፉ ነገር የለበትም፣ አልሃምዱሊላህ፤ በመድኃኒት ይድናል። "ከጨጓራዎ መውጫ አጠገብ ጥግ ይዞ ነበር፤ ቢታገሉኝ ኖሮ አላገኘውም" አለችኝ። መውጫው አጠገብ፣ ጥግ ላይ። ይሄን ስሰማ ደስታ ሳይሆን ንዴት ነው የመጣብኝ፤ ደስታው የመጣው ቆይቶ፣ ቤቴ ገብቼ አጥሚት ከጠጣሁ በኋላ ነው።

ውጤቱ በተሰማ ሰሞን ጀማል ብርቱካን በፌስታል ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ቤቱ ውስጥ ሉባባና ጥቂት ጎረቤቶች ነበሩ። ቁጭ ሳይል ነው የጀመረው። "እህ፣ እትዬ መዲና! እንደ አባትዎ በዓይንዎ እያዩ ዋጧት አይደል?"

"ተኝቼ ነው" አልኩት።

"ተኝተው? የአባ ይመር ልጅ?" አለና ለጎረቤቶቹ የማዘን ዓይነት እጁን ዘረጋ። "እሳቸው እኮ ወላሂ..."

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ተነስቼ ከቁልፍና ክር ሳጥኔ ውስጥ ፕላስቲኩን አወጣሁ። "ንጹሕ ነው። ንከሰው" አልኩት።

"ምንድነው?"

"ንከሰው አልኩህ!" ድምፄን ሲሰማ ነከሰው። "አሁን በል፣ አንድ ሚስጥር ንገረኝ። የፈለግከውን።" ሞከረ። "ኧ... ኧኧ..." አለ፣ ለሃጩ ጺሙ ላይ ወረደ። ጎረቤቶቹ በሳቅ ፈነዱ፣ እሱም በፕላስቲኩ ውስጥ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

"የተኛ ሰው አፉ ውስጥ ይሄ ነው የሚደረገው" አልኩት። "አባቴ ጀግና ስለሆኑ አይደለም መርፌውን እምቢ ያሉት። 'እኔ ወንድ ነኝ' አላሉም። ፈርተው ነው። ተኝቼ እናገራለሁ ብለው ፈሩ፣ ማንም "አይናገሩም" አላላቸውም። ሐኪሙ ጨጓራቸውን በደንብ ሳያይ የቀረው ለዚህ ነው። የሞቱትም ለዚህ ነው።"

ፕላስቲኩን ከአፉ አወጣና ጺሙን ጠረገ። "ምን እንዳይናገሩ ነው የፈሩት?" አለ።

"ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ለእኔም አልነገሩኝም። ከመጋረጃው ወዲያ ግን ሰው ነበር።"

ሳቁ ከቤቱ ወጣ። ጀማል ፕላስቲኩን በእጁ አገላበጠው። ከመጋረጃው ወዲያ ወንበሩ ላይ ማን እንደተቀመጠ እሱ ራሱ ስንት ጊዜ እየኮራ ተናግሯል። ሴት ልጁ ዛሬ ያኔ የታረቁት የዚያኛው ቤተሰብ ልጅ ሚስት ናት፣ የልጅ ልጆቹ የሁለቱም ደም ናቸው። ምን እንደነበር እንደገና አልጠየቀኝም። እንደማይጠይቅ ምሏል፣ ሰው ነው፣ መሐላውን ጠበቀ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል።

"እኔ ነበርኩ" አለ።

"አውቃለሁ" አልኩት።

ፕላስቲኩን ብርቱካኑ አጠገብ ቀስ ብሎ አስቀመጠው። "ውጣ ቢሉኝ እኮ እወጣ ነበር፣ እትዬ መዲና" አለኝ። "እናቴን አቅፌ እወጣ ነበር። ማንም ውጣ አላለኝም።"